ለአባዬ የሚታይ ክር

እኔ ልብስ ሰፊ ነኝ። እንጀራዬ ክር መደበቅ ነው። ደንበኛዬ ቀሚሷን አገላብጣ አይታ «ስፌቱ የት ገባ?» ያለች ዕለት ንግሥት ነኝ፤ ያን ቀን ማንም አይችለኝም። እንግዲህ እንዲህ ያለችዋን ሴት ነው ዕድሏ ከሩቅ የሚጮህ ክር ምረጪ ብሎ ወደ ዓሣ ማጥመጃ ሱቅ የላካት። ወይ ጉድ!

ነገሩ የመጣው በአባዬ ጣቶች ነው። አባዬ ሰዓት ሠሪ ነበር። ከሰሊጥ ያነሰች ብሎን ከጠረጴዛው ሥር ብትወድቅበት ተንበርክኮ ወለሉን በመዳፉ ይዳብሳል እንጂ ባትሪ አብሩልኝ አይልም። ያገኛትም ነበር። ቤታችን ውስጥ የሰዓት ዘይት የማይሸት ዕቃ አልነበረም፤ ግድግዳው ላይ የተሰቀሉት ሰዓቶች ደግሞ አንዱም ካንዱ አይስማማም። እናቴ «የሰውን ሰዓት ሲያስተካክል የራሱን ቤት በምሽት ደህና አደራችሁ ያስብላል» እያለች ትስቅበት ነበር።

ዓሣም የሚያጠምደው በጣቱ ነው። ትል የተሰካበትን፣ የእርሳስ ብረት ጭንቅላት ያለውን መንጠቆ ከጀልባዋ ጎን ቀጥ አድርጎ ወደ ታች ይለቀዋል። ታች ሲደርስ ዘንጉን ላፍ አድርጎ ያነሳዋል፣ መልሶ ይለቀዋል፤ ያነሳዋል፣ ይለቀዋል። «እርሳሱን ማስጨፈር» ነው የሚለው። ታዲያ ዓሣው የሚጎርሰው እርሳሱ ሲነሳ ሳይሆን ሲወድቅ ነው፤ ሲወድቅ ደግሞ ክሩ ላላ ስለሚል ንክሻው ትንኝ ስታርፍብህ ከሚሰማህ አይበልጥም። አባዬ ክሩን በሌባ ጣቱ ላይ አሳልፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ፣ ያቺን ትንኝ ይጠብቃል። ክሩ እንደ ውሃው ቀለም የለሽ ነበር። ማየት የሚፈልግ አልነበረም።

እኔንም ያስተማረኝ እንደዚሁ ነው። ዝናብ ከቤት ያዋለን ቀን ሳሎን ሶፋው ላይ ያስቀምጠኝና ክሩን በጣቴ ላይ አሳልፎ ዓይኔን ያስጨፍነኛል። ሌላውን ጫፍ ይዞ በኮሪደሩ አልፎ ወጥ ቤት ይገባል። እዚያ ሆኖ በጥፍሩ ጫፍ ክሩን መታ ሲያደርግ እኔ «በላ!» ብዬ መጮህ አለብኝ። ምንም ሳይነካው ከጮህኩ በበሩ ብቅ ይልና «ኧረ የኔ እመቤት፣ ዓሣው ገና ፊቱን እየታጠበ ነው» ይለኛል። ያንን እንዲለኝ ስንት ጊዜ ሆን ብዬ ተሳስቻለሁ! የዚያ ሳሎን ደብዘዝ ያለ ብርሃን፣ ጣሪያው ላይ የሚወርደው ዝናብ፣ እናቴ ወጥ ቤት ውስጥ «ክራችሁን ከድስቴ ላይ አንሱ!» እያለች ስትጮህ... ያንን አንድ ከሰዓት መልሶ ለሚሰጠኝ ሱቄን ከነስፌት መኪናዬ አስረክበው ነበር።

ጣቶቹን የስኳር በሽታ ቀማው። መጀመሪያ ብሎኖቹ ከእጁ መውደቅ ጀመሩ፤ ቀጥሎ ሱቁን ዘጋ። አንድ ቀን ዳቦ ሲቆርጥ ጣቱንም ቆርጦት፣ ያወቀው ደሙን ጠረጴዛው ላይ ሲያይ ነው። ሐይቅ ላይ የወጣን ጊዜ ደግሞ መንጠቆውን ባነሳ ቁጥር ትሉ ተበልቶ ባዶውን ይመጣል። ዓሣው ከታች ድግስ ላይ ነው፣ እሱ ምንም አልተሰማውም። ዘንጉን አስቀመጠና «በቃኝ» አለ። እናቴ ካለፈች ወዲህ ከቤት የሚያስወጣው ያ ሐይቅ ብቻ ነበር።

በነጋታው ለጎረቤታችን ለዳቦ ጋጋሪው ቃል ገባለት። «ጀልባዋን እሑድ መጥተህ ውሰዳት፤ ምንም አልፈልግም፣ ብቻ ውሰዳት» አለው። ዳቦ ጋጋሪው ደግ ሰው ነው፣ አልጠላውም፤ ያን ሳምንት ግን ዳቦ ከሌላ ቤት ገዛሁ። ጀልባዋ ከሄደች አባዬ መስኮቱ ሥር ካለው ወንበር ዳግመኛ እንደማይነሳ አውቃለሁ። ለምን ቢሉኝ፣ ሲቀመጥ አይቼዋለኋ። የሚነሳ ሰው እንደዚያ አይቀመጥም።

ሐሳቡ የመጣልኝ ካፖርት ስሰፋ ነው። ጥቁር ጨርቅ ለጊዜው የማያይዘው በነጭ ክር ነው፤ ኋላ ስፈታው እንዲታየኝ። መርፌዬን እንደያዝኩ ቀረሁ። ጣት ካልሰማ ዓይን ይይ! ነገር በዓይን ይገባል አይደል የሚባለው? እርሳሱ እየወረደ ሳለ ክሩ ድንገት ቀጥ ብሎ ከቆመ ወይም ወደ ጎን ከሸሸ ዓሣው ጎርሷል ማለት ነው፤ ይኼን ለማወቅ ክሩን ማየት ይበቃል። የሚያስፈልገው የሚታይ ክር ነው።

ዓርብ ጠዋት ሱቄን ዘግቼ ሄድኩ። ልማድ ክፉ ነው፣ ክር ለመግዛት ስሄድ ጨርቅ ሳልይዝ ወጥቼ አላውቅም። ከቁርጥራጮቼ መሐል የሐይቁን ቀለም የመሰለ ደማቅ አረንጓዴ መርጬ ቦርሳዬ ውስጥ ከተትኩ። ባለሱቁ ጨርቁን ባንኮኒው ላይ ሳነጥፍ ቢያይ፣

«እህቴ፣ ዓሣ ልታጠምጂ ነው ወይስ ቀሚስ ልትሰፊለት?» አለኝ።

«ስለ ቀሚሱ ዓሣውን ከያዝኩት በኋላ እንነጋገራለን። በል አንተ በጣም የሚታየውን አምጣልኝ።»

ቢጫ አመጣ፣ ሮዝ አመጣ፣ ብርቱካንማ አመጣ። ከእያንዳንዱ ትንሽ ትንሽ ፈትቼ ጨርቁ ላይ እያጋደምኩ፣ በሩ ላይ ወጥቼ በፀሐይ አየሁት። በሱቅ መብራት ቀለም የሚመርጥ ሰው ኋላ ራሱን ነው የሚወቅሰው።

«ብዙ ሰው ቢጫውን ነው የሚወስደው» አለ ባለሱቁ።

«ብዙ ሰው ዓይን የለውማ! ቢጫ አረንጓዴ ላይ ሲያርፍ ይተኛል። እየው ይኼን ብርቱካንማ፣ እንዴት እንደሚጮህ!»

«የት ነው የምታጠምዱት?»

«ሐይቅ ላይ ነዋ! አስፋልት ላይ ይጠመዳል እንዴ?»

ምስኪኑ ሰውዬ እጁን አነሳ። «እሺ፣ እሺ። ብቻ ጫፉ ላይ ቀለም የሌለውን ሁለት ክንድ ያህል ቀጥይበት። ዓሣው የሚያየው እሱን ነው፣ ላዩ ምንም ቢሆን ግድ የለውም» ብሎ መከረኝ። ይኼን ምክር ተቀበልኩ። አፌን ይዤ «የት ነው?» ያለኝንም ጥያቄ በደንብ ብመልስለት ኖሮ!

አባዬ ጥቅሉን ሲያይ ከት ብሎ ሊስቅ ምንም አልቀረው። «ይኼ ምንድነው? ዓሣም እኮ ዓይን አለው!»

«ለዓሣው ቀለም የሌለውን ቀጥዬለታለሁ። ይኼ ላንተ ነው።»

ጥቅሉን ወደኔ ገፋ አደረገው። እንቢ ሊል እንደሆነ ስለማውቅ ቀደምኩት። «በሞቴ አባዬ፣ ነገ ጀልባዋን እንሰናበታት። ሰው ቤቱን ሲለቅ እንኳ ዞሮ ያያል» አልኩት። ተሰናብቶ መመለስ ነው ብሎ ቅዳሜ ከሰዓት ተነሳ።

ቀዛፊዋ እኔ ነበርኩ። ሁልጊዜ የምናጠምደው ከማዶ ቀይ ገደል ፊት ለፊት ነው፤ ጥልቁ እዚያ ነው፣ ዓሣውም እዚያ ነው። ማቆሚያ ድንጋዩን ጣልን፣ ጀልባዋ ቆመች። አባዬ እርሳሱን ለቀቀው። ክሩን ልከተለው ብሞክር፣ ክር የለም። ዓይኔን ጠረግሁ። ክር የለም! ሐይቁ ከዳር እስከ ዳር የገደሉን ቀይ ተሸክሞ ብርቱካንማ ሆኗል። ለካ ውሃ የራሱ ቀለም የለውም፤ ከማዶ ያለውን ነው የሚለብሰው። ስንት ዓመት ስመላለስበት አላየሁትም፣ እኔም ዓይኔን ጨፍኜ ነዋ የተማርኩት።

«አየኸው?» አልኩት።

አባዬ ገደሉን አየ፣ ክሩን ፈለገ፣ እኔን... ትከሻዬን አየ። ከዚያ ሳቀ። እንባው እስኪወርድ ሳቀ። «ልብስ ሰፊዋ ልጄ! ክሩን ከገደሉ ጋር አዛምዳው መጣች!»

ሳቁ ደስ አለኝ፤ በራሴ ግን በገንኩ። አተርፍ ባይ አጉዳይ! ዞረን ወደ ሌላው ጎን እንዳናጠምድ ፀሐይዋ ዓይን ትወጋለች። አባዬ ሳቁን ጨረሰና ክሩን ማጠንጠን ጀመረ። «በቃ የኔ ልጅ። አሳቅሽኝ፣ ይበቃናል። እንመለስ» አለ፤ ለስላሳ አድርጎ ነው ያለው፣ አንጀቴን የበላውም ልስላሴው ነው። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር።

ቀና ስል የራሴን እጅጌ አየሁ። ለነፋሱ ብዬ ጥቁር ካፖርት ለብሼ ነበር። ኧረ እኔስ ምን ነክቶኛል! ብርቱካንማ ክር ጥቁር ላይ ሲያርፍ ዕውር እንኳ ያየዋል።

«ቆይ! ዘንግህን ወደ ፊት ዘርጋው» ብዬ ወደ ጀልባዋ አፍንጫ ተሻገርኩ።

«እዚያ አይደለም!» አለ አባዬ።

ያቺ የፊት መቀመጫ የእናቴ ነበረች። ከሱ ፊት ለፊት ተቀምጣ፣ ነጠላ ጫማዋን አውልቃ፣ የሰፈሩን ወሬ ከዳር እስከ ዳር ታወራለት ነበር። እሱ ዓይኑን ጨፍኖ «እህ... እህ...» ይላታል። ካለፈች ወዲህ እዚያ ዕቃ እንኳ አናስቀምጥም። እኔ ደግሞ ቁርጥ እሷን ነኝ፤ ግንባሬ፣ አገጬ፣ ጥርሴ ሳይቀር። ለዚህ ይመስለኛል አባዬ ሲያናግረኝ ትከሻዬን ወይ ጣሪያውን የሚያየው። አልተቀየምኩትም፤ ዓይኑ ግን ናፍቆኝ ነበር።

«ጀልባዋን ታጋድያታለሽ» አለ።

«ትጋደል!» ብዬ ተቀመጥኩ። ወደ ጎን ዘንበል ብዬ ካፖርቴን ዘረጋሁት። ክሩ ከዘንጉ ጫፍ ወርዶ ደረቴ ፊት ለፊት ቁጭ አለ፤ ፍም ይመስላል።

አባዬ ዘንጉን ጨበጥ አደረገ። ከዚያ እርሳሱን ለቀቀው። አነሳው፣ ለቀቀው። መጀመሪያ ዓይኑ ክሩን ያዝ እያደረገ ወደ ውሃው ይሸሽ ነበር። አንዴ ክሩ እየወረደ ሳለ ቀጥ ብሎ ቆመ፤ እኔ አየሁ፣ እሱ አላየም። ጥርሴን ነክሼ ዝም አልኩ። እኔ «በላ» ካልኩለት ያጠመድኩት እኔ ነኝ፣ እሑድም ጀልባዋ ትሄዳለች። ትሉ ተበልቶ ወጣ። ሌላ ትል ሰካ፣ አፍንጫውን ነፋ አድርጎ ቀና አለና አሁን በደንብ አየ። ክሩን ብቻ አይደለም፤ ከክሩ ጀርባ ያለሁትን እኔንም ማየት ግድ ሆነበት።

እርሳሱ ወረደ። ክሩ ካፖርቴ ላይ በቀስታ ሲንሸራተት ቆይቶ ድንገት ቀጥ አለ።

«በላ!» ብሎ ጮኸ አባዬ፣ ዘንጉንም ላፍ አደረገው። ጀልባዋ ተወዛወዘች፤ እኔ እንደ ሕፃን እየጮህኩ መረቡን ሰጠሁት። ዓሣው ትልቅ አልነበረም። ግን ምን ዓይነት ዓሣ! እየሳቅሁ ነው ከመንጠቆው ያላቀቅሁት፤ ቀና ስል አባዬ ዓሣውን አይደለም የሚያየው። እኔን ነው። ፊት ለፊት፣ ዓይን ለዓይን። እናቴ ካለፈች ጀምሮ እንዲህ አይቶኝ አያውቅም።

«ያን ሁሉ ዘመን...» አለ፣ መቀመጫዋን እያመለከተ። «ያን ሁሉ ዘመን እዚያ ተቀምጣ ስታወራኝ፣ ስትስቅልኝ፣ እኔ ዓይኔን ጨፍኜ ነበር። ክር ልሰማ ብዬ! ጣቴ ደህና ነበረና፣ አንድ ቀን እንኳ ቀና ብዬ አላየኋትም።»

አለቀስኩ። እሱም አለቀሰ። የሚያየን አልነበረም፣ ቢኖርም ግድ አልነበረን።

«ዳቦ ጋጋሪውን ምን ልንለው ነው?» አልኩት በእጅጌዬ ፊቴን እየጠረግሁ።

«ዓሣውን እንወስድለታለን።»

«ሰውዬው እኮ የሚጠብቀው ጀልባ ነው!»

«እንግዲህ ይቀየመኝ» አለ አባዬ፤ ዓይኑን ከኔ ሳይነቅል እርሳሱን እንደገና ለቀቀው።