የበሰለች ሰልፈኞች

ታደለ በሚኒባሱ ውስጥ ጉልበቱ ላይ ያቀፈው፣ በፌስታል የተጠቀለለው የፕላስቲክ ዕቃ ለሚያየው ማር ይመስላል። አጠገቡ የተቀመጡት ሽማግሌ «የአንኮበር ማር ነው ልጄ?» ሲሉት «አዎ አባቴ» ብሎ ዋሸ። ታዲያ ምን ይበል? መድኃኒት ውስጥ የተዘፈዘፈ የሚስቴ ሐሞት ከረጢት ነው ይበላቸው?

በሰለች ትናንት ደብረ ብርሃን ላይ ቀዶ ጥገና ተደርጎላታል። ጠጠሩ ወጣ፤ የከረጢቱ ግድግዳ ግን ወፍሮ ሐኪሙን አላማረውም። «አዲስ አበባ ወስደህ አስመርምረው» አለው። ታደለ የሱፍ ብርድ ልብስ ሸማኔ ነውና በሚገባው ቋንቋ አስረዳው። ከረጢቱ በውስጥ በኩል የተጣጠፈ ገበር አለው። በእጥፋቱ ላይ ረጃጅም ሕዋሳት ትከሻ ለትከሻ ገጥመው አንድ ረድፍ ብቻ ይቆማሉ። ጉበት ከላከው ቀጭን ሐሞት ውሃውን እየመጠጡ ያወፍሩታል፤ የቅባት ምግብ ሲበላ ከረጢቱ ተኮማትሮ ወደ አንጀት ይልከዋል። «ክፉው በሽታ ከሆነ ግን» አለ ሐኪሙ፣ «ሕዋሳቱ ረድፉን ጥሰው ግድግዳውን እየቆፈሩ ይገባሉ።»

በሰለች ደግሞ ካልጋዋ ሆና ሌላ አዘዘችው። «ከሥጋዬ የወጣ ነው። በመኪና አታንከራትትብኝ፤ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ቅበርልኝ።»

መንገድ ላይ ካለችው ጫጫ ከተማ ሲደርሱ ታደለ «ወራጅ!» አለ። ለራሱ የሚስቴን ቃል ላክብር ብዬ ነው ይበል እንጂ፣ የፈራው ውጤቱን ነው። ከተቀበረ ማንም አይቶ ክፉ ነገር አይነግረውም። ከከተማዋ ቤተ ክርስቲያን አጥር ሥር ዕቃውን አቅፎ ተቀመጠ። ሌሊቱን ሲያስታምም ያደረ ሰው ነው፤ ፀሐይዋ ሞቅ ስትለው እንቅልፍ ጣለው።

አረንጓዴ ብርሃን የሞላበት ለስላሳ አዳራሽ ገባ። ግድግዳው ከሽመና ዕቃው ላይ እንደወረደ ብርድ ልብስ ተጣጥፏል። በእጥፋቱ ሁሉ ነጭ የለበሱ ረጃጅም ሴቶች በአንድ ረድፍ ቆመዋል። ራሳቸው ላይ ያለው ደቃቅ ጸጉር በሚያልፈው መራራ ጅረት ውስጥ እየተወዛወዘ ውሃውን ቀስ ብሎ ይጠጣል። የሁሉም ፊት የበሰለች ነው።

«ረድፉን የጣሰች አለች?» አላቸው። እንደገና ለመነ። በስተመጨረሻ አንዷ ዞር ሳትል፣ «ሳታየን ነው የምትቀብረን?» አለችው።

ባንኖ ነቃ። ዕቃው ጭኑ ላይ ሞቋል። አፈሩን ከሱሪው አራግፎ ቀጣዩን ሚኒባስ አስቆመ።

ዕቃውን አዲስ አበባ አስረክቦ ከቀናት በኋላ ለውጤቱ ሲመለስ መርማሪዋ ሐኪም ገነት ፊቱን አይታ አዘነችለት። «ና፣ ራስህ እይ» ብላ ማይክሮስኮፑ ላይ አስጎነበሰችው። ሐምራዊ እጥፋት፣ በእጥፋቱ ላይ አንድ ረድፍ። ጠጠሩ ያረፈበት ቦታ ላይ ሕዋሳቱ አጥረዋል፣ ተጎድተዋል፤ ቢሆንም ቆመዋል።

«ግድግዳው የወፈረው ጠጠሩ እያቆሰለው ነው» አለችው። «ረድፉን የጣሰ የለም።»

ታደለ ዓይኑን ከማይክሮስኮፑ ሳያነሳ አለቀሰ።

ከምርመራው የተረፈውን የከረጢቱን ሥጋ ለምኖ ይዞ ተመለሰ። በሰለች መራመድ ስትችል ከደብራቸው አጥር ሥር አብረው ሄዱ። ሲቆፍር ሁሉንም ነገራት፤ የማሩን ውሸት፣ የጫጫውን ፍርሃት፣ ሴቶቹን ጭምር። በማሩ ስፌቷን ይዛ ሳቀች። ስለ ሴቶቹ ሲነግራት ግን እንደምንም ጎንበስ ብላ የመጀመሪያውን አፈር ራሷ መለሰች።

«ስንት ዓመት ቆመውልኛል» አለች። «አሁን ይቀመጡ።»