የሚኒስትሩ ጃኬት

ባሕረ ሰላጤው በጦርነት ተዘግቶ ወደ ኮሪያ የሚመጡ የነዳጅ መርከቦች ከቆሙ ሦስተኛ ቀን ነው። ሴጆንግ ከተማ ያለው የኢነርጂ ሚኒስቴር ግን አስቸኳይ ስብሰባውን አልጀመረም፤ የአገሩ ባለሥልጣናት በችግር ቀን ካሜራ ፊት የሚለብሱት የአደጋ ጊዜ ጃኬት የሚኒስትሩ ቦርጭ ላይ አልቆለፍ ብሏል።

ነዳጅ ሊሸጥ የመጣው የውጭ አገር መልእክተኛ ከጠዋት ጀምሮ ምድር ቤት ተጎልቷል።

«ጌታዬ፣ እንግዳው እኮ...» አለች ባለሙያዋ ሄዎን።

«ይጠብቃ» አሉ አለቃዋ አቶ ታክ። «ሚኒስትሩ ያለ ጃኬት ካሜራ ፊት ወጥተው መሳቂያ ይሁኑልሽ?»

ጃኬት ነዳጅ የሚቀዳ ይመስል፣ ሰፋ ያለ ሌላ ጃኬት ከሴኡል በባቡር መጣ። ሚኒስትሩ ለብሰው፣ ኮስተር ብለው ፎቶ ተነሡ። ሄዎን እንግዳውን ልትጠራ ስትወርድ ወንበሩ ባዶ ነው።

«የጎረቤት አገር ሚኒስትር ራሱ መጥቶ ወሰደው» አላት ጥበቃው። «በሸሚዝ ነበር።»