ለፈይሳ የተስተካከለው ቴሌቪዥን

ጋሽ ነጋሳ ቴሌቪዥኑን የገዙት ልጃቸው ፈይሳ ኳስ ስለሚወድ ነበር። ፈይሳ ለብሔራዊ ውትድርና ተጠርቶ ወደ ሰሜን ከዘመተ በኋላ ግን መሣሪያው ባለቤታቸው እትዬ ጥሩነሽ በሠሩለት ዳንቴል ተሸፍኖ ከሳሎኑ ማዕዘን ይውላል፤ ከዜና ሰዓት በቀር የሚገልጠው አልነበረም። ልጁ ከዘመተ ሁለት ዓመት ሆኖት፣ ድምፁ ከጠፋም ዓመት አልፎታል። ጋሽ ነጋሳ ቀበሌም፣ ከቀበሌም በላይ ወዳለው ጽሕፈት ቤት ሄደው ጠይቀዋል። የሚሰጣቸው መልስ አንድ ነበር፤ «የሚነገር ነገር ሲኖር ትጠራላችሁ።» ጠረጴዛና ቁም ሣጥን እየሠሩ የሚኖሩ አናጢ ስለነበሩ፣ ከዚያ ወዲያ መዶሻቸውን እየመቱ መጠበቅ ብቻ ቀራቸው።

እኔ ያን ጊዜ እዚሁ ናዝሬት ውስጥ በአንድ ሲኒማ ቤት የፊልሙን ማሽን አንቀሳቅስ ነበር። ከእነ ጋሽ ነጋሳ ግቢ የሚለየኝ አንድ የቆርቆሮ አጥር ነው። ስለዚህ ጫልቱ ከሻሸመኔ በተመለሰችበት ቀን የተባለውን ሁሉ ቆሜ ሰምቻለሁ። ጫልቱ የፕላስቲክ ዕቃ እየጫነች በሻሸመኔ መንገድ የምትነግድ ጎረቤታችን ናት። ዕቃዋን እንኳ ሳታራግፍ ነው በቀጥታ ወደ እነሱ የመጣችው።

«አካም ጅርቱ፣ እትዬ ጥሩነሽ?»

«ደህና ነን። ግቢና ተቀመጪ እንጂ።»

«አልቀመጥም። ከተቀመጥኩ አልናገረውም።» ጥቂት ተነፈሰች። «ያደርኩበት ሆቴል ቴሌቪዥን ተከፍቶ ነበር። የቆሰሉ ወታደሮችን ያሳያል። ጋዜጠኛው ከአልጋ አልጋ እየዞረ ስማቸውን ይጠይቃል። አንዱ ራሱ ተጠቅልሏል። ፊቱን ወደዚህ መለስ ሲያደርግ፣ እንጃ እንግዲህ፣ የእናንተ ፈይሳ መሰለኝ።»

«ስሙን አላለም?» አሉ ጋሽ ነጋሳ፤ መዶሻው በእጃቸው ነበር።

«ቢል በምን ልስማው? ሾፌሮቹ ካርታ እየተጫወቱ ቤቱን በጩኸት ገልብጠውታል። ዝም በሉ ብላቸው፣ ‘ቤትሽ ሄደሽ እይ’ አሉኝ። ሥዕሉም ቢሆን ዝናብ የሚዘንብበት ይመስላል። መጨረሻ ላይ አስተዋዋቂዋ ሴትዮ ‘የፊታችን ቅዳሜ ምሽት ይደገማል’ ስትል ግን ሰምቻለሁ። እሱን እንኳ በደንብ ነው የሰማሁት።»

በዚያው ምሽት እትዬ ጥሩነሽ ወደ አጥሩ መጥተው ጠሩኝ።

«ሐዲስ፣ አንተ በሥዕልና በድምፅ ታውቅበታለህ። ቅዳሜ ፊቱን አጥርቼ ማየት አለብኝ። ስሙንም ከራሱ አፍ መስማት አለብኝ። ልጄ ከሆነ ልወቀው፣ ካልሆነም ልወቀው። ሌላ የምለምንህ የለኝም።»

እሺ አልኳቸው።

በማግስቱ ሥራውን ከአንቴናው ጀመርኩ። የእነ ጋሽ ነጋሳ አንቴና ከቤቱ ክዳን ብዙም ከፍ ሳይል፣ ከጎረቤታችን ከሽኩር ወፍጮ ቤት ጣራ ኋላ ተደብቆ ቆሞ ነበር። በዚህም ምክንያት በሥዕሉ ላይ የሚታየው ሰው ሁሉ ከጎኑ ደብዛዛ መንትያ ይዞ ይወጣል። ጋሽ ነጋሳ ረጅም የባሕር ዛፍ ግንድ አመጡ፤ አንቴናውን ከጫፉ አሠርን፤ ከሽኩር ጣራ በላይ አቆምነው። ምሽት ላይ ስርጭቱ ሲጀምር እኔ ግንዱን አቅፌ አዞራለሁ። የሽኩር ሚስት ዙለይካ ቴሌቪዥኑን እያየች በመስኮት ታስተላልፍልኛለች።

«ወደ ግራ!»

«የማን ግራ? የአንቺ ወይስ የእኔ?»

«የቴሌቪዥኑ! ኧረ አለፍከው፣ መልሰው! ወይኔ፣ ሰውዬው እንደገና ሁለት ሆነ!»

«አሁንስ?»

«አሁን አንድ ነው። ግን አንገት የለውም።»

አንገቱ እስኪመጣ ድረስ አዞርኩ። ሲመጣም ግንዱን በምስማርና በሽቦ አጸናነው።

ከዚያ የድምፁ ነገር መጣ። የእነዚያ መሣሪያዎች ጠባይ አስቸጋሪ ነው። ጣቢያ መፈለጊያውን ቁልፍ ሥዕሉ እስኪጠራ ያዞሩት እንደሆነ ድምፁ ይንጫጫል፤ ድምፁ እስኪጠራ የመለሱት እንደሆነ ሥዕሉ ይደበዝዛል። ሁለቱ የሚታረቁበት ቦታ እጅግ ቀጭን ነው። ያንን ቦታ በብዙ ትዕግሥት አገኘሁትና ቁልፉ እንዳይንሸራተት ከሥሩ የክብሪት እንጨት ሰካሁበት። የመሣሪያው የራሱ ድምፅ ማጉያ ትንሽና ቀጭን ስለነበረ፣ ከሲኒማ ቤቱ የተጣለ አሮጌ ድምፅ ማጉያ አምጥቼ ጠገንኩት። ጋሽ ነጋሳ በዋንዛ ጣውላ ሣጥን ሠሩለት። ያን ሣጥን ሲሠሩ አይቻቸዋለሁ። ለልጅ አልጋ የሚሠሩ ይመስል ማዕዘኑን ሁሉ በእጃቸው እየዳበሱ ያለሰልሱት ነበር። ሣጥኑ ተዘግቶ መሣሪያው ሲከፈት የዜና አንባቢው ድምፅ ወፍሮና ደልቦ ቤቱን ሞላው።

እትዬ ጥሩነሽ «ሰውዬው አጠገቤ የተቀመጠ ነው የሚመስለው» አሉ፤ ከብዙ ጊዜ በኋላም ፈገግ ሲሉ አየኋቸው።

የቀረው ወፍጮው ነበር። ወፍጮው ሲሠራ መብራቱ ይዳከማል፤ ሥዕሉም ከዳርና ከዳር ተሰብስቦ ጠባብ ይሆናል። ሽኩርን ለመንኩት።

«እኔ ወፍጮዬን ባቆም ናዝሬት ጦሟን ታድራለች» አለኝ ዱቄቱን ከቅንድቡ እየጠረገ። ኋላ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ለፈይሳ አይደል? ገና ፀሐይ ሳትጠልቅ አቆማለሁ» አለ።

ቅዳሜ አመሻሽ ላይ ሰፈርተኛው መጣ። በዚያን ዘመን በሰፈራችን ቴሌቪዥን ያለው ቤት ጥቂት ስለሆነ ሰው ሳይጠራም ይመጣል፤ በዚያ ቀን ደግሞ ለወሬ ሳይሆን ለልጁ ብሎ መጣ። ጋሽ ነጋሳና እትዬ ጥሩነሽን ከመሣሪያው ፊት ለፊት፣ ዓይን በማይደክምበት ርቀት በአንድ አግዳሚ ላይ አስቀመጥኳቸው። ልጆች ከፊታቸው መሬት ላይ ተቀመጡ፤ ሽኩር፣ ዙለይካ፣ ጫልቱና ሌሎቹ ደግሞ ግራና ቀኝ በዱካና በርጩማ ላይ ሆኑ። እኔ ከቴሌቪዥኑ ጎን ተንበርክኬ እጄን በድምፁ ቁልፍ ላይ አኖርኩ። መጋረጃው ወርዷል። ወፍጮው ቆሟል። በናዝሬት ያ ሁልጊዜ አቧራ የሚያንቀሳቅሰው ነፋስ እንኳ ያን ምሽት ጋብ ብሎ ነበር።

ዝግጅቱ ጀመረ። በሕይወቴ ከዚያ የጠራ ሥዕል በቴሌቪዥን አይቼ አላውቅም። የአልጋ ልብሱ ጥለት ሳይቀር ይታያል። ጋዜጠኛው ወደ መጀመሪያው አልጋ ቀረበና ስም ጠየቀ። ልጁ ስሙን ተናገረ፤ አገሩም አቦምሳ መሆኑን ተናገረ። ሲተነፍስ እንኳ ይሰማ ነበር። ከኋላዬ አንዲት ሴት «የአቦምሳዋ እናት ምናለ ብታየው» ስትል ሌሎች ዝም አሰኟት። ሁለተኛው ልጅም ተጠየቀ፤ መለሰ። ካሜራው ወደ ሦስተኛው አልጋ ሲዞር አስቀድሞ የታየው በነጭ ፋሻ የተጠቀለለ ራስ ነበር።

«እሱ ነው፤ ያ ያየሁት ልጅ ነው» አለች ጫልቱ።

እትዬ ጥሩነሽ የባላቸውን ጉልበት ጨበጡ። ልጁ ፊቱን ወደ እኛ መመለስ ጀመረ።

በዚህ ጊዜ በሩ ተከፈተ፤ ጋሼ ገሠሠ ገቡ።

ጋሼ ገሠሠ የእድራችን ዳኛ ናቸው። ያላስታረቁት ቤት፣ ያልቀበሩት ሙት አልነበረም። ታመው ከቤት ሳይወጡ ብዙ ከርመዋል፤ የሚነሡም አልመሰለንም ነበር። እሳቸው ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው በከዘራ ተደግፈው ከደጃፉ ሲቆሙ ስለ ቴሌቪዥኑ ያሰበ ሰው ያለ አይመስለኝም። ቤቱ እንደ አንድ ሰው ብድግ አለ።

«ኖር! ኖር!»

«በእግዜር! ኧረ በእግዜር፣ ተቀመጡ!»

«እንኳን ለዚህ አበቃዎት! እዚህ ይቀመጡ፣ ጋሼ!»

«እዚሁ በሩ ጋ ይበቃኛል።»

«ኧረ አይሆንም! ከፍ ይበሉ!»

«በሞቴ! በሞቴ ተቀመጡ፣ ልጆቼ! ለፈይሳ ወሬ ያልመጣሁ ለመቼ ልመጣ ነው ብዬ ነው እንጂ…»

ጋሽ ነጋሳ ራሳቸው ተነሥተው ቦታቸውን ለቀቁ። ልጆቹ እንደተማሩት ቀጥ ብለው ቆመው ነበር። የእኔም እጅ ከቁልፉ ላይ ተነሥቷል፤ ቆሜያለሁ። እትዬ ጥሩነሽ ወገባቸው ግማሽ ተነሥቶ ግማሽ እንደተቀመጠ ቀረ። ከፊታቸው የነበረው የልጆች ራስና የሽኩር ሰፊ ጀርባ ብቻ ነው። ከዋንዛው ሣጥን ውስጥ አንድ ጥያቄ ሲጠየቅ፣ አንድ መልስም ሲመለስ ሰማሁ። ነገር ግን ቃሉ ከ«በሞቴ» እና ከ«ከፍ ይበሉ» ጋር ተደባልቆ አለፈ። ጋሼ ገሠሠ በመጨረሻ ተሸንፈው በጋሽ ነጋሳ ቦታ ሲቀመጡ፣ ሰው ሁሉ ዝም ሲል፣ የልጁ የመጨረሻ ቃል ብቻ ጥርት ብሎ ቤቱን ሞላው።

«…ደህና ነኝ በሏቸው።»

ሥዕሉ ግን ቀድሞ ወደ አራተኛው አልጋ አልፎ ነበር።

ዝግጅቱ አለቀ። ከዚያ እትዬ ጥሩነሽ ከተቀመጡበት ሳይነሡ ዞረው አንድ በአንድ ጠየቁን።

«ሽኩር፣ አየኸው?»

«እኔ ወደ በሩ ዞሬ ነበር፣ እትዬ።»

«ዙለይካ?»

«ጆሮውን አይቻለሁ። ጆሮውንና የትራሱን ጫፍ።»

«ጫልቱ፣ አንቺስ?»

«ያው የሻሸመኔው ልጅ ነው። ፈይሳ መሆኑን ግን…» አለችና ሳትጨርሰው አለቀሰች።

ጋሼ ገሠሠ ግራ ገባቸው። «ምነው? ምን ሆናችኋል? ምን አደረግሁ?» አሉ ወደ ሁላችንም እያዩ።

ጋሽ ነጋሳ ጎንበስ ብለው ትከሻቸውን ሳሙ። «ምንም አላደረጉም። እንኳን መጡልን» አሉ። ሽማግሌውም ስለ ልጁ ረጅም ምርቃት መረቁ፤ እኛም አሜን አልን።

ሰው ከወጣ በኋላ እትዬ ጥሩነሽ ወደ እኔ ተመለሱ።

«ሐዲስ፣ ድምፅ የምታውቅ አንተ ነህ። የእሱ ነው?»

«የማን እንደሆነ መለየት አልቻልኩም፣ እትዬ።»

«የፈይሳ ድምፅ እንዲህ ወፍራም አልነበረም።»

ጋሽ ነጋሳ ከቆሙበት፣ «ሁለት ዓመት ሙሉ እንደነበረ ይቆያል? ጎርምሷል» አሉ። እትዬ ጥሩነሽ ግን የዋንዛውን ሣጥን ያዩ ነበር። እኔም አየሁት። በዚያ ሣጥን ውስጥ ያለፈ የማንም ልጅ ድምፅ ይወፍራል። ከልጁ ዕድሜ የመጣው የትኛው፣ ከጣውላው የመጣው የትኛው እንደሆነ የሚለይ ጆሮ በዓለም ላይ ያለ አይመስለኝም።

በተከታዩ ሳምንት ጋሽ ነጋሳና እኔ አዲስ አበባ ሄድን። በአንድ መሥሪያ ቤት በር ላይ ብዙ ቆየን፤ የተቀረጸው ነገር ለግለሰብ እንደማይታይ ተነገረን። በሌላው ደግሞ ስለ ቆሰለ ሰው ለቤተሰቡ በወቅቱ እንደሚነገር ነገሩን። «መቼ ነው ወቅቱ?» ብለው ጠየቁ ጋሽ ነጋሳ። በር ላይ የቆመው ወታደር ገና ልጅ ነበር። መሬት መሬት እያየ፣ «አባባ፣ እኔንም የእኔ ቤተሰብ ይጠይቁ ይሆናል» አላቸው። ወደ ናዝሬት ተመለስን።

እትዬ ጥሩነሽ ድምፅ ማጉያውን እንዳነሣላቸው ጠየቁኝ። «የጥንቱን ቀጭኑን አድርግልኝ። ዳግመኛ ከተናገረ በማውቀው ድምፅ ይናገረኝ» አሉ። ሽቦውን ፈታሁ። ጋሽ ነጋሳ ባዶውን የዋንዛ ሣጥን ወደ ሥራ ቤታቸው ወሰዱት፤ ምስማር ማስቀመጫ አደረጉት።

ሦስተኛው አልጋ ዳግመኛ አልታየም። ለሠራዊቱ የሚቀርበው ዝግጅት ግን በየቅዳሜው ይታይ ነበር፤ እነሱም በየቅዳሜው ያዩት ነበር፤ ሽኩርም ሳይለመን ወፍጮውን ያቆም ነበር። ያን ምሽት የሆነውን ለጋሼ ገሠሠ ማን እንደነገራቸው አላውቅም። አንድ ቅዳሜ፣ ፀሐይ ገና ከቆርቆሮው ላይ ሳትወርድ፣ በከዘራቸው እየተደገፉ በእነ ጋሽ ነጋሳ በር ሲገቡ አገኘኋቸው። ቴሌቪዥኑ በዳንቴሉ እንደተሸፈነ ነው። ስርጭቱ እስኪጀምር ገና ብዙ ይቀራል። በቤቱ ውስጥ ከባልና ሚስቱ በቀር ማንም የለም።

ጋሽ ነጋሳ ተነሡ። «ኖር» አሉ።

«በእግዜር።»

«እዚህ ከፍ ይበሉ፣ ጋሼ።»

«በሞቴ፣ እዚሁ ይበቃኛል።»

ተለማመኑ፤ በመጨረሻም ጋሼ ገሠሠ ማንም ሲገባ አይቷቸው እንዳይነሣ ከበሩ ኋላ ባለ ዱካ ላይ ተቀመጡ፤ ጋሽ ነጋሳም ወደ ቦታቸው ተመለሱ። እትዬ ጥሩነሽ ዳንቴሉን ገለጡ። ከዚያ ሦስቱም ገና ባልበራው መስተዋት ፊት ተቀምጠው ስርጭቱን ጠበቁ።