ማን ነው የሚሄደው?

ባልና ሚስቱ የሚሠሩት በአንድ ቤተ ሙከራ፣ በአንድ ሌዘር ነበር። ሌዘሩ ዓይን የማያየው ብርሃን እጅግ በጣም አጫጭር በሆኑ ብልጭታዎች ይለቃል። ብርሃኑ በክሪስታል ውስጥ ሲያልፍ ከፊሉ ወደ አረንጓዴ ይቀየራል። ሚስት በአረንጓዴው ስስ ብረት ትበሳለች፤ ባል በማይታየው፣ አንድ ነገር ምን ያህል ቶሎ እንደሚግል ይለካል።

ሁለቱ ብርሃኖች ተደራርበው በአንድ መስመር ስለሚወጡ፣ አንዱ ሲሠራ የሌላው ብርሃን መጋረድ ነበረበት። ስለዚህ እሷ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት ይገባሉ። በር ላይ ሲተላለፉ የልጃቸውን ወሬ ተቀባብለው ይለያያሉ። ልጅቷን በመሃል የምትጠብቀው የሚስት እናት፣ «ተጋብታችኋል ወይስ ተፈራርቃችኋል?» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

በመጨረሻ ሚስት መለያ መስታወት አዘዘች። አረንጓዴውን መልሶ የማይታየውን የሚያሳልፍ ስስ ሽፋን የተቀባ ነው። በመጣ ዕለት ጓንት አድርጋ በጫፉ ያዘችውና በጨረሩ መንገድ ላይ ጋደል አድርጋ አቆመችው። አረንጓዴው ወደ እሷ ታጠፈ፤ የማይታየው አልፎ ወደ ባሏ ሄደ። መከላከያ መነጽራቸውን አድርገው ለመጀመሪያ ጊዜ አብረው ሥራ ጀመሩ።

እኩለ ቀን ላይ ባል ፊቱ ጠቆረ።

«ምነው ዘጋኸኝ?» አለችው።

«ብልጭታዬ ረዝሞ ልኬቴን አበላሸው። ያንቺ ብርሃን የመስታወቱን ፊት ነክቶ ይመለሳል፤ የኔ ውፍረቱን ሁሉ ሲያቋርጥ ይለጠጣል። ስታዢ እኔን ረሳሽኝ።»

«እንማከርበት ብዬህ አልነበር? በር ላይ ቆመን ምን ልንጨርስ ኖሯል?»

ባል ብልጭታው እሱ ጋ ሲደርስ እንዲያጥርለት ሌዘሩን ነካካው። ያኔ ክሪስታሉ ላይ የሚያርፈው ብልጭታ ረዘመና አረንጓዴው ደከመ፤ የእሷ ቀዳዳ ግማሽ ላይ ቀረ። ሆድና ጀርባ ሆነው ዋሉ።

ቤት ሲደርሱ እናትየው እራት አቅርባላቸው ሄደች። ልጅቷ ሁለቱንም ማዕድ ላይ ስታይ ግራ ገባት። አንዴ አባቷን አንዴ እናቷን እያየች፣

«አሁን ማን ነው የሚሄደው?» አለች።

«ማንም አይሄድም፣ የኔ እናት» አላት አባቷ። ልጅቷ ግን አላመነችውም፤ እየበላች በሩን በሩን ታያለች።

ልጅቷ ከተኛች በኋላ ሚስት፣ «የኔ ሥራ መብሳት ነው» አለች። «ብልጭታው ትንሽ ቢረዝም ይበሳልኛል፤ ያንተ ግን ልኬት ነው። የማይታየውን መልሶ አረንጓዴውን የሚያሳልፍ እንዘዝ።»

«አረንጓዴ እኮ መስታወት ውስጥ ከኔው ይብስ ይረዝማል።»

«አውቃለሁ። ስስ አድርገው ይሥሩታ።»

«እኔም ዛሬ ክፉ ተናገርኩሽ» አለ።

ሁለተኛው መስታወት ሲመጣ የእሱ ልኬት ተስተካከለ። የእሷ ቀዳዳ መጀመሪያ ጠርዙ ሻካራ ሆነባት፤ ባል የራሱን ሥራ ትቶ ብርሃኑን የሚሰበስበውን ሌንሷን ሲያቃና አብሯት ዋለና ጠራላት። አሁንም እሱ የክፍሉ መብራት ይጥፋ፣ እሷ ይብራ እያሉ ይነታረካሉ። ማታ ማታ ግን ሌዘሩን አጥፍተው፣ ሳቅም ኩርፊያም ቢሆን ይዘው፣ አብረው ይወጣሉ።