የመሪው ዘይት

ዱባለ የመጀመሪያውን ትልም ጨርሶ መሪውን ወደ ግራ ሊያዞር ሲል እንደ ድንጋይ ደረቀበት። በሁለት እጁ ቢታገለው አልታዘዝ አለ። ትራክተሩ የበርበሬውን መደብ እየደፈጠጠ ወደ ገደሉ ገሰገሰ። ፍሬኑን ረግጦ ሲያቆመው ፊተኛው ጎማ ገደሉ ጫፍ ሊደርስ ሁለት ክንድ ቀርቶት ነበር።

ጊዜው 1965 ዓ.ም. ነው። ከቡታጅራ በታች ሰፊ መሬት ያላቸው ባለርስት ትራክተር ገዝተው ጭሰኞቻቸውን አንድ በአንድ ያስነሡ ጀመር። የዛሬው ተራ የከማሉ ነበር። ትራክተሩም ያደረው እሱ ደጅ ላይ ነው።

የባለርስቱ ወኪል ያረጋል ከበቅሎው ወርዶ መጣ። ዱባለ ሞተሩን አጥፍቶ ፍተሻውን ጀመረ። መሪውን በዘይት የሚያግዘውን ፓምፕ የሚያዞረው ቺንጋ ደህና ነው። የመሪውን ዘይት ማጠራቀሚያ ቢከፍተው ባዶ ሆነ። መሬቱን ሲያይ የዘይቱ ጠብታ በትልሙ ላይ ወደ ኋላ እየተከታተለ እስከ ከማሉ ደጅ ይደርሳል።

ያረጋልም አይቶታል። "ከማሉ ሌሊት ቱቦውን ቆርጦታል" አለ። ወዲያው አብሮት የመጣውን ታጣቂ ነጭ ለባሽ ጠርቶ ከማሉን በገዛ ማሳው ላይ የፊጥኝ አሳሰረው። ሚስቱ ዘይባ ከጎጆው ወጥታ ብትለምን የሰማት የለም።

"ወላሂ አጠገቡ አልደረስኩም" አለ ከማሉ። "እኔ የማዝነው ለመሬቴ ነው። ከብረት ጋር ምን አለኝ?"

"እሱን ለዳኛው ትነግራለህ።"

ዱባለ ጭቃ የሚፍቅበትን ተጣጣፊ ካራውን ይዞ ከትራክተሩ ስር ገባ። የዘይቱን ቱቦ ሲዳስስ ቀዳዳውን አገኘው። ስለት የነካው አይደለም፤ ከብረቱ ጋር ሲፋተግ ከርሞ ተልጦ ነው የተበሳው። ቱቦውን ከብረቱ የሚያርቀው ማሰሪያ በቦታው የለም። ያን ጊዜ ትዝ አለው። ከሁለት ሳምንት በፊት ቱቦውን ፈትቶ ሲያጸዳ ማሰሪያው ተሰብሮበት፣ ሌላ እስኪገኝ ብሎ እንዲሁ ትቶት ነበር። በዚያው ረሳው።

ከእሱ በፊት የነበረው ሹፌር ክላች አቃጠልህ ተብሎ በማግስቱ ተባሯል። ዱባለን ደግሞ አዲስ አበባ ጫማ ከመጥረግ ያወጣው ይኸው ሹፌርነት ነው።

"ተቆርጧል አይደል?" አለ ያረጋል ከላይ ሆኖ።

ካራው በእጁ ነው። ቀዳዳው ላይ አንድ ጊዜ ቢያሳርፈው በስለት የተቆረጠ ይመስላል፤ የሚያይ የለም። ከተኛበት የሚታየው በጭቃው ላይ የቆመው የከማሉ ባዶ እግር ብቻ ነበር።

ካራውን አጥፎ ኪሱ ከተተ። ቱቦውን እንዳለ ፈትቶ ይዞ ወጣ።

"ጋሽ ያረጋል፣ ይዩት። ተፋትጎ ነው የተበሳው። ማሰሪያውን ሳላስር የተውኩት እኔ ነኝ።"

ያረጋል ጎንበስ ብሎ ቀዳዳውን አየው። "የምትለውን ታውቀዋለህ?"

"አውቀዋለሁ።"

ያረጋል እጁን ዘርግቶ ቱቦውንና የሞተሩን ቁልፍ እንዲያስረክበው ጠየቀ። ዱባለ ቁልፉን ሰጠው። ለከማሉ ምስክር የሚሆነውን ቱቦ ግን ደረቱ ላይ ይዞ ቀረ።

"መጀመሪያ ከማሉን ይፍቱት" አለ።