ለሃምሳ ሰው የተፈቀደ ሳቅ

ሩሀማ ደቡብ አፍሪካ፣ ሐበሻ በሚበዛበት ሜይፌር የሚባል ሰፈር ያደገች የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ናት። ዩኒቨርሲቲ ገብታ ቴአትር ታጠናለች። ኮቪድ በገባ በሁለተኛው ዓመት፣ መምህሯ እያንዳንዱ ተመራቂ አንድ የቆየ ተውኔት መርጦ በየሰፈሩ እንዲያቀርብ አዘዘ። እሷም አሜሪካኖች ከመቶ ሠላሳ ዓመት በፊት የሠሩትን የሙዚቃ ኮሜዲ መረጠች። በጊዜው ኒውዮርክ ላይ ከዓመት በላይ ሳይወርድ የታየ ነው ይባላል። ሩሀማ ግን የመረጠችው ጽሑፉ ኢንተርኔት ላይ በነጻ ስለሚገኝ ነበር።

ታሪኩ ቀላል ነው። ሁለት ወጣቶች የታመመች አክስት ልንጠይቅ ነው ብለው አጎታቸውን ይዋሹና ጭፈራ ቤት ይሄዳሉ። ጠዋት ማታ ስለ ጨዋነት የሚመክራቸው ሀብታሙ አጎትም ከአንዲት መበለት ጋር ተቀጣጥሮ፣ እዚያው ጭፈራ ቤት ከመጋረጃ ማዶ ተቀምጧል።

ሌላ አዳራሽ የምታገኝበት መንገድ ስላልነበራት የምትዘምርበትን የሐበሾች ቤተ ክርስቲያን ጠየቀች። የሽማግሌዎቹ ሰብሳቢ ጋሽ ሽጉጤ ነበሩ። አይቮሪ ፓርክ የሚባል ሰፈር ሁለት ሱቅ ያላቸው፣ ሠርግ ላይ እንኳ ሲያጨበጭቡ ታይተው የማያውቁ ሰው ናቸው። ጽሑፉን ተቀብለው ቀይ እስክሪብቶ ይዘው አነበቡት።

የሽማግሌዎቹ ጉባኤ አራት ጊዜ ተሰበሰበ። ወይኑ የብርቱካን ጭማቂ ሆነ። ጭፈራ ቤቱ ምግብ ቤት ሆነ፤ ጭፈራውም ተሰረዘ። መበለት ከወንድ ጋር መቀጣጠሯ አያንጽም ተብሎ ባለትዳር እንድትሆን ተወሰነ፤ በሚቀጥለው ስብሰባ አንዱ ሽማግሌ ነገሩ እንደባሰ ስላስተዋለ ባሏን መልሰው ገደሉት። ከሁሉ ያስቸገረው አጎትየው ነበር። ጋሽ ሽጉጤ የተከበረ ሰው እንዲህ አይዋሽም፣ ይውጣ አሉ። ሩሀማ እሱ ከወጣ ተውኔቱም የለም ብላ ተከራከረች። በመጨረሻ ክብሩን ጠብቆ የሚጫወተው ሰው ከተገኘ ይቆይ ተባለ። እንዲህ ያለ ሰው ሲፈለግ ደግሞ ከራሳቸው ከጋሽ ሽጉጤ በቀር አልተገኘም። መበለቷን እንድትጫወት የተመረጠችው ፍሬገነት ነበረች፤ ኮዝሞ ሲቲ የምትነግድ፣ ጨዋታ የማታጣ ሴት።

በነሐሴ የመጀመሪያ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ተጀመረ። መንግሥት በአንድ አዳራሽ ከሃምሳ ሰው በላይ እንዳይሰበሰብ ከልክሏል። በር ላይ ሙቀቱ እየተለካ የገባው ሃምሳ ሰው አንድ አንድ ወንበር እየዘለለ ተቀመጠ። ጋሽ ሽጉጤ ሙሉ ሱፍ ለብሰው፣ ከማስካቸው በላይ መነጽር አድርገው ብቅ አሉ። ሁለት እርምጃ ሳይሄዱ ከማስኩ የሚወጣው ትንፋሽ መነጽራቸውን በጉም ሸፈነው። መበለቷ መስሏቸው ለመጋረጃው ጎንበስ ብለው እጅ ነሡና እንዴት እንዳማረባት በዝርዝር ነገሩት።

ፍሬገነት ከኋላቸው ሆና ጠበቀቻቸው። ሲጨርሱ ጽሑፉ ውስጥ የሌለ ነገር ተናገረች፤

«ጋሽ ሽጉጤ፣ እኔ እዚህ ነኝ። እሷን ከየት ያውቋታል?»

አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ዓመት ከመንፈቅ ሙሉ ቀብር በስልክ ሲከታተል የከረመ ሰው ነበርና ሳቁ ቶሎ አላቆመም። አንዳንዱ እንባውን በማስኩ ጠረገ።

ጋሽ ሽጉጤ ያን ቀን ማንንም ሳያነጋግሩ ወደ ቤታቸው ሄዱ። ሩሀማ እሑድን በጭንቀት ዋለች። ሰኞ ጠዋት ደወሉላት።

«መጋረጃው ለሚመጣው ቅዳሜም እዚያው ቦታ ይሁን» አሏት።

ቦታ ያጣው ሰው ለቀጣዩ ሳምንት ተመዘገበ። ሃምሳ ሃምሳ እየገባ ስድስት ቅዳሜ ታየ። የቤተ ክርስቲያኗ ማስታወቂያ «ሕዝብ የጎረፈበት ተውኔት» ይል ጀመር፤ ስንት እንደጎረፈ ግን አይናገርም። ጋሽ ሽጉጤም በየሳምንቱ አንድ ነገር ይጨምሩ ነበር። በሦስተኛው ዘፈኑን አብረው ዘፈኑ። በአራተኛው ትከሻቸው ተነቃነቀ። በስድስተኛው ራሳቸው የሰረዙትን ጭፈራ ከነመሽከርከሩ ጨፈሩት።

በማግስቱ ጉባኤው ጠራቸው። ወይ መድረኩን፣ ወይ ሰብሳቢነቱን ተባሉ። ለማሰብ አንድ ቀን እንኳ ሳይጠይቁ ሰብሳቢነቱን ለቀቁ። ምክንያቱን «የጤና ሁኔታ» ብለው ጻፉ።

በዚያው ሳምንት መንግሥት ገደቡን አላልቶ ሁለት መቶ ሃምሳ ሰው ፈቀደ። ሩሀማ ወንበር ተውሳ አዳራሹን ሞላችው። በሰባተኛው ቅዳሜ የመጣው ግን ሠላሳ አንድ ሰው ነበር፤ የሚበዛው የተዋንያኑ ዘመድ። ለካ ማየት የሚፈልገው ሁሉ አይቶ ጨርሷል። ተውኔቱ ያን ቀን ወረደ። መምህሯም ቪዲዮውን አይቶ ከመጀመሪያው ሥራ ጋር ያለው ዝምድና እንዳልታየው ጽፎ አሳለፋት።

በዚያው በመጨረሻው ቅዳሜ የተዋሰችውን ወንበር ስታጣጥፍ ጋሽ ሽጉጤ ሱፋቸውን ሳያወልቁ መጡ። አሜሪካኖቹ በዚያ ዘመን ሌላ ሠርተው እንደሆነ ጠየቋት። ብዙ ነው አለቻቸው። አሁን ስብሰባ ስለሌለባቸው ጊዜ እንዳላቸው ነገሯትና ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ።

«ልጄ፣ ጭፈራው ረዘም የሚልም ይኖረው ይሆን?»

ሩሀማ ሳቋ መጣ፤ ፊታቸውን ስታይ ግን ዋጠችው። የምራቸውን ነበር።

«ፈልጌ እነግርዎታለሁ» አለቻቸው።

ጋሽ ሽጉጤ አራት ወንበር አንድ ላይ አነሱና ወንበሩን ወደሚመልሰው መኪና ይዘው ወጡ።