የቆሮሶዎቹ ሰላምታ

ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ ሰላም የሚለኝ ሰው ቀንሷል። ፍኖተ ሰላም ላይ ሠላሳ ስምንት ዓመት ሒሳብ ሳስተምር መንገዱ ሁሉ «ቲቸር» ይለኝ ነበር፤ አሁን ተማሪዎቼ በባጃጅ ሽው ብለውኝ ያልፋሉ። ስለዚህ አንድ ማለዳ ጓሮዬ ከቆፈርኩት ኩሬ ውስጥ ያሉት ዓሦች፣ ስድሳዎቹ ቆሮሶዎቼ፣ አፋቸውን ከፍተው ወደ ላይ ብቅ ሲሉልኝ፣ ምን ልደብቅ፣ ደስታዬ ልክ አልነበረውም።

በማግስቱም መጡ። በሦስተኛው ቀን ጎረቤት ጠርቼ አሳየሁ። «አሳዳጊያቸውን አወቁ» አልኩ፤ ሰዉም ጉድ አለ። ብቅ ባሉ ቁጥር ፉርሽካ እበትንላቸዋለሁ፤ ፉርሽካው ሲበዛ ውሃው እንደ አተላ ወፈረ። አዲስ ውሃ እንዳላስገባ የመስኖው ቦይ በተራ ነው፤ የእኔ ተራ ገና ሦስት ቀን ይቀረው ነበር።

በአምስተኛው ማለዳ እትዬ እታለም እንደ ልማዳቸው አጥሬን ተደግፈው ቆሙ። ከዳገቱ ማዶ የሽንኩርት ማሳ አላቸው። ወደዚያ ሲወጡ ሁልጊዜ እዚሁ ይቆማሉ፣ ወደ ጓሮዬ ያያሉ፣ ቃል ሳይናገሩ ይሄዳሉ። ወሬ ለቃሚ ናቸው ብዬ ደምድሜ ነበር። ያን ቀን ግን የዓሦቼን ጉድ ላሳያቸው አስገባኋቸው።

«ይዩልኝ፣ ሰላም ሲሉኝ።»

ጎንበስ ብለው ብዙ ቆዩ። ቀና ሲሉ ፊታቸው ተለውጧል።

«መምህር፣ ይኸ ሰላምታ አይዶለም። ይኸን አፍ አውቀዋለሁ፤ እኔም አስሜ ሲነሳብኝ እንዲሁ ነኝ። አየር አልቆባቸው ነው። ነገን አያዩም።»

ያን ጊዜ አንዷ በጎኗ ተንሳፈፈች። ታፍነው ሲያልቁ አራት ቀን ሙሉ ቆሜ ተደስቻለሁ።

«የዛሬው ውሃ የእኔ ነው፤ ሽንኩርቱ አንድ ቀን ይጠማ» አሉና ከጓሮዬ በላይ የሚያልፈውን ቦይ በዶማ ወደ እኔ መለሱት።

ዓሦቹ እንዳይደነግጡ ብዬ ውሃውን በጎማ ከሥር ላስገባ ስል እጄን ያዙኝ። «ከላይ ይውረድ እንጂ። ወንዝስ ትንፋሽ የሚያገኘው ገደል ሲወርድ አይዶል?»

አሮጌ አሸንዳ ከቦዩ ወደ ኩሬው ከፍ አድርገን አጋደምን። ጫፉ ላይ በምስማር የበሳሳሁትን ጣሳ አሰርኩ። ውሃው ዝናብ ሆኖ ወረደ፤ የሸተተው በወዲያኛው ጠርዝ ሞልቶ ወደ ጎመኑ ፈሰሰ። ጠብታው ያረፈበት ሁሉ ነጭ አረፋ ሆነ። ለካ እያንዳንዷ ጠብታ የምትገባው አየር ይዛ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ቁጥር ስቆጥር የኖርኩ ሰው ያን መቁጠር አቃተኝ። ቆሮሶዎቹ ከየጥጉ ወደ አረፋው ተሰበሰቡ። ያቺ በጎኗ የነበረችው ጅራቷን ነቅነቅ፣ ነቅነቅ አደረገች፤ ቀና አለች፤ ጠለቀች። እንባዬ መጣ። ከዚህ በፊት እንዲህ ያለ ነገር አይቼ አላውቅም።

ዞር ስል እትዬ እታለም ድንጋይ ላይ ተቀምጠዋል። ዶማው አድክሟቸው እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው፣ አፋቸውን ከፍተው ይተነፍሳሉ። ያኔ ገባኝ። በየማለዳው አጥሬ ላይ የሚቆሙት ወሬ ሊለቅሙ አልነበረም። ዝም የሚሉትም ለቃል የሚሆን ትንፋሽ ስላልነበራቸው ነው።

በማግስቱ ኩሬው ዳር ቆምኩ። አንድም ዓሣ ብቅ አላለልኝም፤ ሁሉም ታች ናቸው። ደስ አለኝ። በርጩማዬን አንስቼ ወጣሁና ከአጥሩ ውጭ አስቀመጥኩት።

እትዬ እታለም ደርሰው ተቀመጡ። ምንም ሳልጠይቅ አጠገባቸው ቆምኩ። ትንፋሻቸው ቀስ በቀስ ተመለሰ።

«እንዴት አደሩ፣ መምህር» አሉኝ።